የሜጋሎዶን ጂነስ የትኛው ነው? ካርዱ ላይ ምን ልጻፍ?

ቲቸር ከዚራ

ሰላም ለቤቱ። ድሬዳዋ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የሳይንስ ክበባችን መስታወት የተገጠመለት አንድ ቁም ሳጥን አለው። እስከ ዘንድሮ ውስጡ የነበረው አልኮል ውስጥ የተዘፈዘፈ እባብ፣ አንድ ጠርሙስ ጊንጥና ማን እንዳመጣው የማይታወቅ የሰጎን እንቁላል ነው። አሁን ግን ከበርቴ ሆነናል። ሁለት የሻርክ ጥርስ አግኝተናል፤ ሁለቱም ቅሪተ አካል።

ትልቁ የሜጋሎዶን ነው፤ ድሮ የጠፋ ግዙፍ ሻርክ። ያመጣልን ሳውዝ ካሮላይና የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ነው። እዚያ ጠላቂዎች ከወንዝ ሥር እየለቀሙ ይሸጡታል። ጥቁር ግራጫ ነው፤ መዳፌን ይሞላል፤ ሲይዙት ይከብዳል። ትንሹን የሰጠን መርከብ ላይ የሚሠራ ጎረቤቴ ነው። ካዛብላንካ ሲወርዱ ከአንድ ሱቅ ገዛው። ከሞሮኮ የፎስፌት ማዕድን የሚወጣ ነው፤ ቀለሙ ወደ ቢጫ ያደላል።

ሁለቱም ከነወረቀታቸው ነው የመጡት። ጭቅጭቁን ያመጣውም ወረቀቱ ነው። የትልቁ «ካርካሮዶን ሜጋሎዶን» ይላል። የክበባችን ጸሐፊ ስልኩን ከፍቶ ሲፈልግ «ካርካሮክልስ ሜጋሎዶን» አገኘ። ከኋላ የተቀመጠችው ልጅ ደግሞ «ቲቸር፣ የኔ ኦቶዱስ ሜጋሎዶን ነው የሚለው» አለች። ዝርያው አንድ፣ ጂነሱ (ቅርብ ዝርያዎችን የሚያቅፈው የስሙ የመጀመሪያ ክፍል) ሦስት! በዚህ ላይ የትንሹ ጥርስ ወረቀት ምን እንደሚል ገምቱ። ኦቶዱስ ኦብሊኩስ። እንግዲህ በአንደኛው ስም ሁለቱ ጥርሶቻችን የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ በሌሎቹ ግን አይተዋወቁም።

እኛ ተማሪ እያለን የሚነገረን ሜጋሎዶን የታላቁ ነጭ ሻርክ ቅድመ አያት ነው የሚል ነበር። ፖስተሩም፣ ካርቱኑም ነጭ ሻርክን አግዝፎ ነው የሚስለው።

ጥርሶቹን ጎን ለጎን አስቀምጬ በእጅ ሌንስ አይቻቸዋለሁ። የትልቁ ጠርዝ ከላይ እስከ ታች መጋዝ ነው። ጥፍሬን ሳስኬድበት ክርክርክር ይላል፤ አንዱ ከሌላው አይበልጥም፣ አያንስም። በውስጠኛው ፊት፣ ክራውኑ (የሚነክሰው የላይኛው ክፍል) ከሥሩ በሚገናኝበት ቦታ፣ መሐሉ ላይ የታጠፈ ጠቆር ያለ ሰፊ መስመር አለ። የትንሹ ጠርዝ ግን ለስላሳ ነው፤ ጥፍር አይዝም። በምትኩ ከዋናው ሹል ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ ሹሎች ቆመዋል። ትልቁ ላይ እነዚህ የሉም። ታዲያ እነዚህን ሁለቱን አንድ ጂነስ ነው ማለት ለዓይን ይከብዳል። የነጭ ሻርክ ጥርስ ፎቶ ሳይ ግን ከትልቁ ጋር ቁርጥ እናትና ልጅ።

ካርዱ ላይ የትኛውን ልጻፍ? ሌላም አለ። አንድ ተማሪ «ስሙ ቢቀየር ጥርሱ ያው አይደል እንዴ፤ ምን ለውጥ ያመጣል?» ብሎኛል። እሱን የሚያሳምን መልስ ያለው ይርዳኝ። ሊንክ ለጥፎ መሄድ ክልክል ነው፤ ሊንኩን እኛም አንብበነዋል።

የሳቢያን ልጅ

አቦ ቲቸር አታካብጂው። ወረቀቱ ካርካሮዶን ካለ ካርካሮዶን ብለሽ ለጥፊ። ነጭ ሻርክም ሦስት ማዕዘን፣ ይሄም ሦስት ማዕዘን። ያም መጋዝ፣ ይሄም መጋዝ። ሌላ ምን ቀረ?

ጥርስ ሐኪም ከሐረር

የሳቢያኑ፣ ብዙ ቀረ እንጂ!

እኔ የሰው ጥርስ ሐኪም ነኝ። ሻርክ መጥቶብኝ አያውቅም፤ ቢመጣም አያተርፈኝም። ጥርሱ እንደኛ መንጋጋ አጥንት ውስጥ አልተተከለም፤ ድድ ላይ በጅማት ብቻ ነው የተያዘው። ሲወድቅ ከኋላ የተሰለፈው ይተካዋል። በዕድሜው በሺዎች ይጥላል። አጽሙ ግን ልም አጥንት ነው፤ ማለትም የጆሯችንና የአፍንጫችን ጫፍ የተሠራበት ነገር። እሱ ብዙውን ጊዜ በስብሶ ይጠፋል። ስለዚህ ለእኛ የሚተርፈን ጥርስ፣ ጥርስ፣ አሁንም ጥርስ ነው።

የጭቅጭቁ ሥር እዚህ ላይ ነው። ሉዊ አጋሲ የተባለው የስዊዘርላንድ ሊቅ በ1843 ካርካሮዶን ሜጋሎዶን ብሎ ሲሰይመው (ዓመቶቼ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የተመለከተው ጥርሱን ነው። ትልቅ፣ ሦስት ማዕዘን፣ መጋዝ። ከነጭ ሻርክ ጋር አንድ ጂነስ ውስጥ ከተተው። የሳቢያኑ፣ አንተ ያልከውን ነው ያለው፤ ስለዚህ አትፈር።

መምህርት፣ አንቺ ደግሞ ግማሹን መልስ በጥፍርሽ አግኝተሽዋል። የነጭ ሻርኩን ፎቶ ጠርዙ ላይ አጉልተሽ እዪው። የእሱ መጋዝ ሻካራ ነው፤ አንዱ የመጋዝ ጥርስ ሰፊ፣ ቀጣዩ ጠባብ፣ አንዱ ወጣ ያለ፣ አንዱ ገባ ያለ። የሜጋሎዶን ግን ደቃቅና እኩል ነው። ያ ጠቆር ያለ መስመር ቡርሌት ይባላል። አዋቂ ነጭ ሻርክ ላይ አታገኚውም። ትንሹ ጥርስሽ ላይ ግን ፈልጊው፤ ቀጠን ብሎ አለ።

አሁን ሁለቱን የዘር ሐረጎች ለየብቻ እንከተል። የነጭ ሻርክ በኩል ሃስታሊስ የሚባል ዝርያ አለ። ጥርሱ ሰፊ ነው፤ ጠርዙ ግን ለስላሳ። ድሮ ከማኮ ሻርክ ጋር ነበር የሚመደበው። ከእሱ በኋላ በ2012 የተሰየመው ካርካሮዶን ሀቤሊ ይመጣል። ፔሩ ውስጥ መንጋጋው ከነ222 ጥርሱ፣ ከ45 የአከርካሪ አጥንት ጋር ነው የተገኘው። ይሄ በሻርክ ዓለም ሎተሪ ነው። የጥርሱን ጠርዝ ስታይ መጋዙ ገና ጀማሪ ነው፤ አለ፣ ግን ደካማ። ከዚያ ዛሬ ባሕር ላይ ያለው ነጭ ሻርክ። ከዚያ በፊትም፣ በ2006፣ የጥርሶቹን ቅርጽ በልኬት ያወዳደረ ጥናት ነጭ ሻርክን ከሃስታሊስ ጋር እንጂ ከሜጋሎዶን ጋር አላገናኘውም።

በወዲያኛው በኩል ያንቺ የሞሮኮ ጥርስ አለ። ኦብሊኩስ፦ ለስላሳ ጠርዝ፣ ሁለት የጎን ሹሎች። ቀጥሎ አውሪኩላተስ፦ የጎን ሹሎቹ አሉ፣ ጠርዙ ግን መጋዝ ሆኗል። ከዚያ አንጉስቲደንስ፣ ከዚያ ቹቡተንሲስ። ሹሎቹ እያነሱ፣ እያነሱ ሄደው ሜጋሎዶን ላይ ሲደርሱ አዋቂው ጥርስ ሙልጭ አለ። መጋዙ ሁለት ቦታ ላይ፣ ሁለት ጊዜ፣ ለየብቻ ነው የበቀለው ማለት ነው። ሥጋ የሚቆርጥ ጥርስ መጋዝ ቢያወጣ ምን ይገርማል?

እዚህ ሐረር ከጁገል ውጭ ማታ ማታ ጅብ ሲበላ የሚያይ እንግዳ ሁሉ «ውሻ ይመስላል» ይላል። አፉን፣ እግሩን፣ አሯሯጡን አይቶ ነው። ጅብ ግን ከድመትና ከጥርኝ ወገን ነው፤ ከውሻ ጋር ያመሳሰለው ኑሮው ነው። ሜጋሎዶንና ነጭ ሻርክም እንደዚያው ናቸው። ሁለቱም ላምኒፎርምስ የሚባለው ሰፊ ኦርደር ውስጥ ናቸው፤ ፋሚሊያቸው (በኦርደር ሥር ያለው ጠበብ ያለ ምድብ) ግን ይለያያል። ነጭ ሻርክ ላምኒዴ፣ ሜጋሎዶን ኦቶዶንቲዴ።

ስለዚህ ካርካሮዶንን ሰርዢው። «ኦቶዱስ ሜጋሎዶን» በይ።

በነገራችን ላይ ከላክሽው ፎቶ ሁለተኛው ላይ የትንሹን ጥርስ ሥር አይቼዋለሁ። ከክራውኑ ጋር የተጋጠመበት ቦታ ላይ አሸዋና ሙጫ አለ። ተጠግኗል። የሞሮኮ ነጋዴዎች ይሄን ያደርጋሉ። ክራውኑ እውነተኛ ነው፤ ሥሩ ግን የሌላ ጥርስ ሊሆን ይችላል። እኔም በሙያዬ እንደዚያ ስለምሠራ አልፈርድባቸውም።

ጋሽ ድንጋይ

ዶክተሩ ጥሩ አስረድቷል። ካርካሮዶን ይሰረዝ የሚለው ላይ ፊርማዬን አኖራለሁ። በ1990ዎቹ እንኳ ጎትፍሪድና ፐርዲን የመሳሰሉ ሰዎች ካርካሮዶንን አጥብቀው ይዘው ነበር። የፔሩው መንጋጋ ከመጣ ወዲህ ግን ያ ክርክር ጉልበት አጥቷል።

ኦቶዱስ የሚለው ላይ ግን አልስማማም። ልጄ፣ ጡረታ የወጣሁ የጂኦሎጂ ሰው ነኝ፤ ዕድሜዬን በሙሉ ድንጋይ ስከፋፍል ነው የኖርኩት። ስም የሚሰጠው ሲጠራ አንድ ነገር እንዲነግርሽ ነው። ጆርዳንና ሃኒባል በ1923 ካርካሮክልስ የሚለውን ስም ሲያወጡ መጋዝ ያላቸውን እነዚህን ትልልቅ ሻርኮች ለይተው ለማስቀመጥ ነው። ካዚዬ የተባለው የቤልጂግ ሰው በ1960 ፕሮካርካሮዶን አላቸው፤ ካርካሮክልስ ቀድሞ ስለተሰየመ ያ ወደቀ። የሶቪየቱ ግሊክማን በ1964 ደግሞ የጎን ሹል የሌላቸውን ሜጋሴላከስ ብሎ ለብቻ አወጣቸው። ሦስቱም አንድ ነገር ታይቷቸዋል፦ እነዚህ ከነጭ ሻርክ ይለያሉ፣ ከለስላሳው ኦቶዱስም ይለያሉ።

አሁን ሁሉንም ኦቶዱስ ካልሽ ተማሪዎችሽ ያንን ለስላሳ ቢጫ ጥርስና ያንን ጥቁር መጋዝ በአንድ ስም ሊጠሩ ነው። አንቺ ራስሽ «ለዓይን ይከብዳል» ብለሻል። ዓይንሽን እመኚው። ካርካሮክልስ ማለት የኦቶዱስ ልጅ አይደለም ማለት አይደለም። ልጅ ነው፤ ግን ጎጆ ወጥቷል።

ጥርስ ሐኪም ከሐረር

ጋሼ፣ ጎጆ የወጣው መቼ ነው? ቀኑን ይንገሩኝ።

መጋዙ ሲጀምር ነው እንዳይሉኝ፣ መጋዙ በአንድ ጀምበር አልመጣም። መጋዙ የተጀመረባቸው፣ ግን ያላለቀባቸው ጥርሶች አሉ። የጎን ሹል ሲጠፋ ነው እንዳይሉኝ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ካልቨርት ክሊፍስ ከሚባለው ገደል የወጡ ጥርሶችን የመረመረ የ2018 ጥናት ሹሎቹ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፉ 12 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደፈጀ አሳይቷል። በዚያ ዘመን ሹል ያለውና የሌለው ተቀላቅለው ነው የሚገኙት። ከቹቡተንሲስና ከሜጋሎዶን መካከል እንኳ መስመር ማስመር ያቃተን ሰዎች ከኦቶዱስና ከካርካሮክልስ መካከል የት እናሰምራለን? የትም ብናሰምር በእጃችን ያሰመርነው ነው።

ደግሞ የ2017ቱ ነገር አለ። ሺማዳ የተባለው ተመራማሪና ባልደረቦቹ ሜጋሎላምና ፓራዶክሶዶን የሚባል አዲስ ቅሪተ አካል ሻርክ አወጡ። ጥርሶቹ ከካሊፎርኒያ፣ ከኖርዝ ካሮላይና፣ ከፔሩና ከጃፓን የተገኙ ናቸው። ይሄ ሻርክ የኦቶዱስ የጎን ዘመድ ነው ብለው ነው ያስቀመጡት። እንግዲህ ኦቶዱስ አንድ ሙሉ የዘር ሐረግ ይሁን ከተባለ ከውስጡ የወጡትን ሁሉ መያዝ አለበት። ሜጋሎዶንን አውጥተው ሌላ ስም ከሰጡት ኦቶዱስ ጎዶሎ ይሆናል፤ አባትን ይዞ ልጅን የተወ ስም። የዛሬ አመዳደብ ይሄን አይወድም።

ጋሽ ድንጋይ

እኔ ጎዶሎ ስም አይከፋኝም። የጥንት ነገር ሁሉ ጎዶሎ ነው። ግን እሺ፣ ጥያቄህ ከባድ ነው። ቀኑን አልነግርህም፤ ድንጋዩም አይነግርህም። የእኔ ክርክር ለሥራ የሚመች ስም ይኑረን ነው። አንተ ደግሞ ዘር የሚቆጥር ስም ይኑረን ትላለህ። ጥርሱ ላይ አልተጣላንም፤ የተጣላነው ጂነስ ለምን ያገለግላል የሚለው ላይ ነው። አሁንም ካርካሮክልስ እያሉ የሚጽፉ ተመራማሪዎች እንዳሉ ግን ለልጆቹ ይነገራቸው።

ቲቸር ከዚራ

ጋሼም ዶክተርም እግዜር ይስጥልኝ። ቡርሌቱን ትንሹ ላይ አገኘሁት! በደንብ ካልበራበት አይታይም፤ መስኮት ላይ ይዤው ነው ያየሁት። ስለ ሙጫው ለጎረቤቴ አልነገርኩትም፤ ጥሩ ገንዘብ ነው ያወጣበት።

የልጁ ጥያቄ ግን አልተመለሰም። አባትና ልጅ፣ ጎጆ፣ ጎዶሎ ስም፤ ይሄን ሁሉ ብነግረው «እና?» ነው የሚለኝ። አሥራ አንደኛ ክፍል ነው፤ «እና?» ማለት ይወዳል።

ጥርስ ሐኪም ከሐረር

ለእሱ መልሱ የሻርኩ አካል ነው።

ሜጋሎዶን ሙሉ አጽም የለውም። ቤልጂግ ውስጥ ከአንድ ሻርክ የወጣ 141 ገደማ የአከርካሪ አጥንት አለ፤ ይሄ ነው ትልቁ ሀብታችን። ቀሪውን ሰው ነው የሚሞላው። የሚሞላው ደግሞ ከዘመዱ አይቶ ነው። ዘመዱ ነጭ ሻርክ ነው ብለህ ከጀመርክ ነጭ ሻርክን ትልቅ አድርገህ ትስላለህ፤ ወፍራም፣ በርሜል ሆዱ፣ ርዝመቱ 16 ሜትር ገደማ። የ2022 ጥናት በነጭ ሻርክ ቅርጽ ተመርኩዞ እንደዚያ ነው ያሰላው። ዘመዱ አይደለም ካልክ ግን ያ ቅርጽ ከየት መጣ? በ2024 ሌሎች ተመራማሪዎች ያንኑ የቤልጂግ አከርካሪ ይዘው እንስሳው ከዚያ ይልቅ ቀጠን፣ ረዘም ያለ መሆን አለበት አሉ። በ2025 ደግሞ ሺማዳ የመሩት ቡድን ከብዙ የሻርክ ዝርያዎች ጋር አነጻጽሮ እስከ 24 ሜትር ሊደርስ ይችላል አለ። ለቅርጹ የተሻለ ምሳሌ ሆኖ ያገኙት ሎሚ ሻርክን ነው። ክብደቱ፣ ፍጥነቱ፣ በቀን ምን ያህል ይበላ ነበር የሚለው ሁሉ ከዚህ ይነሳል።

ስለዚህ «እና?» ሲል ፖስተሩን አሳዪው። ያ ፖስተር የተሳለው ካርካሮዶን ከሚለው ስም ነው በይው።

ቲቸር ከዚራ

ይሄ ይገባዋል። ፖስተሩን ራሱ ነው ግድግዳ ላይ የለጠፈው፤ ደስ አይለውም።

ካርዱን እንዲህ ላደርገው ነው፦ «ኦቶዱስ ሜጋሎዶን። ፋሚሊ ኦቶዶንቲዴ። ካርካሮክልስ ተብሎም ይጻፋል። ቀድሞ ካርካሮዶን ይባል ነበር። ሳውዝ ካሮላይና።» የትንሹን ደግሞ ከጎኑ፦ «ኦቶዱስ ኦብሊኩስ። ሞሮኮ። ሥሩ የተጠገነ።» ሌንሱን ቁም ሳጥኑ ላይ በገመድ አስሬ እተወዋለሁ፣ ጠርዙን ራሳቸው ይዩት።

ጋሽ ድንጋይ

«ተብሎም ይጻፋል» ትንሽ አሳነስሽው፤ ግን ይሁን፣ ተቀብያለሁ። ከየትኛው ወንዝ እንደወጣ የአክስትሽን ልጅ ጠይቂውና ጨምሪበት። ቦታው ያልተጻፈበት ቅሪተ አካል ግማሽ ዋጋ የለውም።

የሳቢያን ልጅ

እሺ ተሸነፍኩ አቦ። ግን አንድ ነገር። ድሬ ዙሪያ ያለው ተራራ የኖራ ድንጋይ አይደል? ስሚንቶ ፋብሪካው የሚፈጨው? ኖራ ድንጋይ ደግሞ ከባሕር ነው ይባላል። ታዲያ እዚሁ ሜጋሎዶን ብንፈልግስ? አሜሪካ ድረስ ምን አስኬደን?

ጋሽ ድንጋይ

ጥያቄህ ጥሩ ነው፤ መልሱ ግን አይገኝም ነው። ድንጋዩ እውነትም የባሕር ነው። ግን የጁራሲክ ነው፤ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኖታል። ሜጋሎዶን የመጣው ከ20 ሚሊዮን ዓመት ወዲህ ነው፤ የጠፋው ደግሞ አንዳንዶች ከ3.6፣ ሌሎች ከ2.6 ሚሊዮን ዓመት በፊት ይላሉ። እሱ ሲዋኝ እዚህ ባሕሩ ሄዶ ተረስቶ ነበር። ያንቺም የሞሮኮው ኦብሊኩስ፣ ቲቸር፣ ከዚህ ድንጋይ ጋር ሲተያይ የትናንት ልጅ ነው።

ቀንድ አውጣ መሰል ዛጎል፣ የባሕር ፍጥረት ቅርፊት፣ ይሄ ይገኛል። ዓይንህን ከፍተህ ከሄድክ መንገድ ከተቆረጠበት ግድግዳ ላይ ታየዋለህ። ካየህ ግን በመዶሻ አትምታው። እኛ አገር ቅሪተ አካል በሕግ ቅርስ ነው። ፎቶ አንሳ፣ አጠገቡ ሳንቲም አድርግ መጠኑ እንዲታይ፣ ቦታውን መዝግብ፣ ለከተማው የባህልና ቱሪዝም ሰዎች አሳውቅ። ፎቶውን እዚህም ለጥፈው፤ ከዶክተሩ ጋር እንጣላበታለን።